ከአልጋው ሥር ያለው ቀዳዳ

አሩባ፣ ሜይ 21

ለእትዬ ካሊስታ፤

ከሁሉ በፊት ይቅርታ ልበል። ወንድሜ ዜፍሪን ማረፉን የነገረኝ ደብዳቤዎ እጄ የገባው እሱ ከተቀበረ በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝ ኖሮ እመጣ ነበር ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። እርስዎን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አይቼዎት አላውቅም፤ ገና ስንተዋወቅ ልዋሽዎት አልፈልግም። ከደሴታችን ከካሪያኩ ከወጣሁ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ አላውቅም።

ሁለተኛውን ደብዳቤዎን ሳነብ ግን ከሐዘኔ መሐል ሳቅሁ። "ወንድምህ ሃያ ስድስት ዓመት ቤቱን ለአውሎ ነፋሱ ሲያሰናዳ እኔ ዳቦ ስጋግር ነው የኖርኩት፤ አሁን ወሩ ደርሶ ሚስማር የት እንዳለ እንኳ አላውቅም" ያሉትን ሳነብ ነው። መንደራችን ዊንድዋርድ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ወደ እኔ መጻፍዎ ገርሞኝ ነበር፤ ለካ ምክንያቱንም ጽፈውታል። አሥራ ሁለት ጀልባ ሠሪ ብትጠይቅ አሥራ ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛለህ ብለዋል። እሱስ እውነት ነው።

እንግዲህ የማውቀውን ያህል ልመልስ። በጣሪያው ላይ የሚያልፈው የመልሕቅ ሰንሰለት አባታችን ከተሰበረ መርከብ ያወጣው ነው። ዜፍሪን በአሮጌ ዘይት ነክሮ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ከአሳማው በረት ሥር ይቀብረው እንደነበር በአንድ ደብዳቤው ነግሮኛል፤ እዚያ ያስቆፍሩ። ግራና ቀኝ መሬት ውስጥ ከተቀበሩት ሁለት መልሕቆች ጋር ነው የሚታሰረው። ሲያስሩት ትንሽ ይላላ፤ ከተወጠረ ቆርቆሮውን ይቆርጠዋል። መስኮቶቹን ሁሉ ጥርቅም አድርገው እንዳይዘጉ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ይዝጉ፣ በጀርባ ያለውን ገርበብ ያድርጉት፤ አለዚያ ቤቱ ታፍኖ ይፈነዳል። መሐል ላይ ነፋሱ ጸጥ ይላል። አለቀ ብለው እንዳይወጡ፤ ዞሮ በሌላው በኩል ይመጣል። ያን ጊዜ የዘጉትን ከፍተው የከፈቱትን ይዝጉ። ለዚህ ለዚህ ቤት ውስጥ የግድ ሰው መኖር አለበት።

ዱቄትዎን ከምድጃው አጠገብ አንስተው ከማገሩ ላይ ያንጠልጥሉት። ትንሿን ጀልባ ደግሞ ባሕሩ ዳር ውሃ ውስጥ ከበቀለው የማንግሮቭ ጫካ ያስገቧትና ድንጋይ ሞልተው ያስምጧት። አይሳቁ። የተንሳፈፈ ነገር ሁሉ ይሄዳል፤ የሰመጠ ባለበት ይቆያል። አውሎው ሲያልፍ ድንጋዩን ማውጣት ነው።

መጥረቢያዎን ከቤት ውስጥ ያኑሩ። ደጅ አይደለም፣ ጓሮም አይደለም፤ ከአልጋዎ አጠገብ። ማንም ቢለምንዎ እንዳያውሱ።

የጠየቁኝ በዚህ ያለቀ ይመስለኛል።

ታናሽ ወንድምዎ፣ ኮንራድ

—

ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ፣ ጁን 11

ኮንራድ ወንድሜ፤

አላለቀም። ስድስት ነገር ጠየቅሁህ፣ አምስቱን መለስክ። ዳቦ ጋጋሪ መቁጠር አያቅታትም።

መጀመሪያ ግን ምስጋናዬን ተቀበል። ሰንሰለቱ ካልከው ቦታ ተገኘ፤ አሳማዋ በረቷን አላስነካ ብላ አንዱን ጎረምሳ ሱሪውን አስጥላው ነበር። በአራት ሰው ጉልበት ጣሪያው ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ እንደ ለቅሶ ቤት ግንቡ ላይ ተደርድረው "ይላላ"፣ "ይወጠር" ሲሉ ዋሉ። "የባለቤቱ ወንድም ይላላ ብሏል" አልኳቸው። "የትኛው ወንድም?" አለኝ አንዱ። "የአሩባው" ስለው ሁሉም ዝም አሉ። ዊንድዋርድ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ አምስት ሰው ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጀልባ ማስመጥ ያልከው ግን አስቆኛል። አባቴም ጀልባ ሠሪ ነበር፣ በደሴቲቱ በወዲያኛው ጫፍ። እኛ ትንንሾቹን ከዛፍ ሥር ጎትተን ነበር የምናስቀምጠው። አባቴ አዲስ ጀልባ ወደ ባሕር ባስገባ ቁጥር እኔን ከላይ ያስቀምጠኝ ነበር፣ ለዕድል ብሎ። ከአሸዋው ስትላቀቅ ሆዴ ውስጥ ድንገት ባዶ የሚል ነገር ነበረ፤ ያን ስሜት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እና እንዲህ ሆኜ ያደግሁት ሴት የባሌን ጀልባ በድንጋይ ላስምጥ? ይሁን፣ አስመጥኳት። ድንጋዩን ስጭን እንባዬ እየመጣ ነበር።

አሁን ወደ ስድስተኛው። ምናልባት ጽሑፌ አልታይህ ብሎ ይሆናልና እንደገና ልጻፈው። ከአልጋችን ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ የሰው ራስ የምታክል የዳቦ ዛፍ ፍሬ የሚያሳልፍ ክብ ቀዳዳ አለ። የእንጨት ውታፍ ገብቶበታል። ውታፉ ላይ ገመድ ታስሯል፣ የገመዱ ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር። ገመዱን ዜፍሪን በየዓመቱ በጁን ይቀይረው ነበር። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው "ኋላ እነግርሻለሁ" ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት "ኋላ" ሲለኝ ኖሮ ሞተ።

ውታፉ አንድ በኩል ክፍተት ስላለው ሸርጣኖቹ እንደ ራሳቸው ቤት ይገቡበታል። ሳሙናዬን ይበሉታል። አንድ ጊዜ በሚስማር ምታልኝ ብዬ ብለምነው ዜፍሪን ጮኸብኝ። ትዳራችን ውስጥ የጮኸብኝ ያኔ ብቻ ነው። ወጥቶ ሄደና ሲመለስ "ሸርጣን ሳሙና ይበላል እንጂ ሰው አይበላም" ብሎኝ እራቱን በላ።

ሰው ሁሉ ይገምታል። ጎረቤቴ ለሩም አረቄ መደበቂያ ነው ትላለች፤ ባሌን አታውቀውም፣ ሩም አሳድሮ አያውቅም። ቄሱ ለመጥረጊያ ውሃ መልቀቂያ ነው አሉ። እማማ ኢስሜይ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላት ጎረቤታችን፣ ስጠይቃት "ኮንራድን ጠይቂው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ብነዘንዛት ስለ ቁርጥማቷ ብቻ ሆነ ወሬዋ።

ባለፈው ሳምንት ዜፍሪን በሕልሜ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ሙት በሕልም ሲመጣ ርቦት ነው ይባላልና እንደ ወጉ ሳህን አቀረብኩለት፦ የበቆሎ ገንፎ፣ ዓሣ፣ ትንሽ ሩም። ርቦት ግን አይመስለኝም፤ ሊናገር የፈለገ ነው የሚመስለው።

ምንድነው ቀዳዳው?

ካሊስታ

—

አሩባ፣ ጁላይ 2

ለእትዬ ካሊስታ፤

ሰንሰለቱ በመታሰሩ ደስ ብሎኛል። የሬዲዮ ባትሪ ያስፈልግዎ እንደሆነ አስቤ አራት ልኬያለሁ፤ ከጨው አየር እንዲጠበቅ በቆርቆሮ ጣሳ ያኑሩት። የዝናብ ውሃ በርሜልዎን እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን በሽቦ ይሰሩት፤ ባዶ በርሜል እየተንከባለለ ስንት ቤት እንደሚያፈርስ ዐውቃለሁ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ጡብ ከላላ አሁን ያስለስኑት። አቮካዶው ዘንድሮ እንዴት ነው? የድሮ ሰዎች ዛፉ ፍሬ ከበዛበት አውሎ ይመጣል ይሉ ነበር፤ እኔ አላምንበትም፣ ግን ይጻፉልኝ። ከአሳማዋ ጋር የታገለውን ጎረምሳ የማን ልጅ እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ አባቱን ዐውቀው ይሆናል።

ሸርጣኖቹ የሚበሉት ስድስት ሳሙና ልኬያለሁ።

ከአልጋው ሥር ያለውን አይንኩት። ዜፍሪን እንደተወው ይተዉት።

ኮንራድ

—

ዊንድዋርድ፣ ጁላይ 23

ኮንራድ ወንድሜ፤

ሳሙናው ደረሰ፣ ሽታው ደስ ይላል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "አይንኩት" ያልከው ደብዳቤም አብሮ ደረሰ። ችግሩ የደረሰው ከነካሁት በአራተኛው ቀን ነው።

አትቆጣ፣ ልንገርህ። አንድ ቀን ከአልጋዬ ስወርድ አንዱ ሸርጣን አውራ ጣቴን ይዞ አልለቅም አለ። ጩኸቴን የሰማ ሰው ሌባ መስሎት ድንጋይ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ማን ይታገሣል? የዜፍሪንን የሥራ ሣጥን ከፈትኩት። ያባቴን ሥራ ከልጅነቴ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ እጄ አልረሳም። ውታፉን መትቼ አስገባሁት፣ ዙሪያውን ጥጥ ወተፍኩ፣ ዝፍት አፍልቼ አፈሰስኩበት፣ ከላይ ሳንቃ መታሁ፣ ቀለም ቀባሁት። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቼ ሞከርኩት፤ ከነጋ እስከ ቀትር እዚያው ቆሞ ዋለ። አንድ ጠብታ አላለፈም። ኖኅ ቢያየው ይቀጥረኝ ነበር። እዚያ ሳለሁ የወለሉን ስንጥቅ ሁሉ በዚያው ደፈንኩት፤ ቤቴ አሁን ከአዲስ ጀልባ ይበልጣል።

ሸርጣን የለም። ሳሙናህ ሙሉ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ "አይንኩት" ያልከው ነገር ከነከነኝ። ስለ ጭስ ማውጫ፣ ስለ በርሜል፣ ስለ ጎረምሳው አባት ሳይቀር ጻፍክልኝ (የሮድሪክ ልጅ ነው፣ ሱሪው ተሰፍቷል)፤ ስለ ቀዳዳው አንዲት ቃል። ይህን ያህል የሚሸሽ ሰው የሚሸሸው ነገር አለ። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ አድርጊ፣ አታድርጊ ማለት አልወድም፤ ባሌ እንኳ አልቻለልኝም። ከነገርከኝ ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ። ካልነገርከኝ እንደተወተፈ ይቆያል።

ስለ አቮካዶው ጠይቀኸኛል። ሁለት ቅርንጫፍ በፍሬው ክብደት ተገንጥሎ ወድቋል።

ካሊስታ

—

አሩባ፣ ኦገስት 19

እትዬ ካሊስታ፤

ሰላምታው ይቆየኝ። ይህችን መስመር እንዳነበቡ መጥረቢያውን ያንሱና ቀዳዳውን ይክፈቱ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

ከፈቱት?

ቀዳዳው ባሕሩ እንዲገባበት ነው። ከዳር ያለ ቤት ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ነው፤ ባሕሩ ከፍ ሲል ከሥሩ ያነሣውና ይዞት ይሄዳል። ውሃ ከገባበት ግን ይከብድና ባለበት ይቀራል። ሰው ይረጥባል፣ አልጋ ይረጥባል፣ ቤቱ ግን አይሄድም። ድሮ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ነበረው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ከመጣብን አውሎ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ወጥቶ ስለሠራ ተረሳ። ዳር ላይ የቀረው የዜፍሪን ቤት ብቻ ነው።

እናታችን እንደ እርስዎ ሸርጣን አትወድም ነበር። በዚያ ዓመት በጁላይ "ኮንራድዬ፣ ያችን ቀዳዳ በሳንቃ ክደንልኝ፣ አውሎው ሲቃረብ ታነሣዋለህ" አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። መወተፍ የተማርኩት በዚያው ወር፣ ከጀልባ ሠሪው ከጋሼ ኡራያስ ዘንድ ነው። ሳንቃ ብቻ አነሰብኝ። እርስዎ ያደረጉትን አደረግሁ፤ ጥጡን፣ ዝፍቱን፣ ሳንቃውን፣ ቀለሙን። የት እንደነበረ እንኳ እንዳይታወቅ አድርጌ ሠራሁት። እናቴ እጄን ሳመችኝ። ሲቃረብ አነሣዋለሁ ያልኩትንም ረሳሁት።

ሴፕቴምበር ላይ ሲመጣ አባቴ፣ ዜፍሪንና እኔ ትልቋን ጀልባ ልናስጠልል ወደ ማንግሮቩ ሄድን። ለገመድና ለቅርንጫፍ ብለን ቤት ውስጥ ያሉትን መጥረቢያዎች ሁሉ ወሰድን። እሷ መስኮቶቹን እንድትጠብቅ ቤት ቀረች።

ስንመለስ ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመዋል። ቤቱን ከባሕሩ ውስጥ አለቱ ላይ አገኘነው፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በሩ የለም፣ እሷም የለችም። ወለሉ ላይ፣ ቀዳዳው በነበረበት ዙሪያ፣ ቀለሙ ተፍቋል። በማንኪያ ይሁን በቢላ አላውቅም።

ጋሼ ኡራያስ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣቱ ዳሰሰና "ይህን የወተፈው የሠራተኛ እጅ ነው፤ አንድ ጠብታ አላሳለፈም" አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሁለት ወር ቆይቼ በመጀመሪያው መርከብ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጥጥና ዝፍት ነክቼ አላውቅም፤ ብረት እበይዳለሁ። ሙት በሕልሙ የመጣበት ሰው ሁሉ ሳህን ያቀርባል። እናቴ ስትመጣብኝ እኔ አቅርቤላት አላውቅም። በየትኛው እጄ?

ዜፍሪን ይወቅ አይወቅ አላውቅም። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ጽፎልኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። በሁለተኛው ደብዳቤዎ ላይ መናገር ነበረብኝ። ስድስት ሳሙና ላኩልዎ! ስድስት ሳሙና! ቴሌግራም ቤት ሄጄ ነበር፤ ከግሬናዳ ደሴት ወዲያ ያው የፖስታ ጀልባዋ ናት የምታደርሰው አሉኝ፤ ቢሆንም ላክሁ። ስለ እግዚአብሔር ይክፈቱት።

ኮንራድ

—

አሩባ፣ ሴፕቴምበር 12

እትዬ ካሊስታ፤

የአውሎውን ወሬ በሬዲዮ ሰማሁ። የካሪያኩን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ከዚያ ወደ ሙዚቃ ሄደ። ከእርስዎ ዘንድ ምንም የለም። ባለፈው ሳምንትም ጽፌ ነበር፤ ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ሥራ ስላበላሸሁ አለቃዬ ሂድና ተኛ ብሎኛል።

ረጅም አይጻፉልኝ። ስምዎን ብቻ ጽፈው ይላኩልኝ።

ኮንራድ

—

ዊንድዋርድ፣ ሴፕቴምበር 25

ኮንራድ ወንድሜ፤

አለሁ። ካሊስታ ነኝ። ይኸው ስሜ፣ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልህ።

ሦስቱም ደብዳቤዎችህና ቴሌግራምህ አንድ ላይ ትናንት ደረሱ። የፖስታ ጀልባዋ አውሎውን ፈርታ ግሬናዳ ማንግሮቭ ውስጥ ታስራ ከርማለች። ቴሌግራሙን አስቀድሜ ከፈትኩት። "ቀዳዳውን ይክፈቱ" ይላል። አውሎው ካለፈ በአሥራ አምስተኛው ቀን። ስቄ ስቄ አልቅሼ ጨረስኩ።

ስለ መንደሩ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ሰው አልሞተም፤ ጣሪያ ያለው ግን ጥቂት ነው። የኔ ጣሪያ አለ፣ ሰንሰለቱ እንዳልከው ላላ ብሎ ታስሮ ነበር። ምድጃዬ ፈርሷል። ዱቄቴ ማገሩ ላይ ደርቆ ተረፈ፤ ከቆርቆሮ አዲስ ምድጃ ሠርቼ አሁን ደጅ ላይ ነው የምጋግረው።

ቀዳዳውን እንዴት ብለህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ሰዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ እኔ ቀረሁ፤ ቤት ውስጥ ሰው ያስፈልጋል ብለሃል። አንዲቷን ፍየሌን አስገብቼ፣ መስኮቱን ጠበቅሁ። ነፋሱ ጸጥ አለ፣ ዞረ፣ እንዳልከው አዘዋወርኩ። ከዚያ ውሃው በበሩ ሥር መጣ። እኔ ምን አደረግሁ? በጨርቅ ወተፍኩት! የጀልባ ሠሪ ልጅ ውሃ ስታይ ሌላ ነገር አይመጣላትም። ተቀምጬ ራሴን ሳደንቅ ድንገት ሆዴ ውስጥ ያ ነገር ባዶ አለ። አባቴ ከላይ ሲያስቀምጠኝ፣ ከአሸዋው ስንላቀቅ የነበረው። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ልክ እንደ ሰባት ዓመቴ ዐወቅሁት። "ተንሳፈፍን" አልኩ፣ ለፍየሏ።

ያን ጊዜ ያስመጥኳት ጀልባ ትዝ አለችኝ። የተንሳፈፈ ይሄዳል፣ የሰመጠ ይቆያል ብለሃል። ቀጥሎ አንተ ትዝ አልከኝ። ስለ በርሜል ክዳን ሽቦ ሳይቀር የሚነግረኝ ሰው ስለዚያ ቀዳዳ ለምን አፉ ተያዘ? መጥረቢያውንስ ለምን ከአልጋው አጠገብ አለ? አልጋው አጠገብ ከቀዳዳው በቀር ምን የሚቆረጥ አለ? ዝም ያልከው ቦታ ላይ ነው መልሱን ያገኘሁት። አልጋውን ገፍቼ መታሁት። ሥራዬ ጥሩ ስለነበር አሥራ አንድ ምት ፈጀብኝ፤ በያንዳንዱ ምት ራሴን ሰደብኩ። ፍየሏ እንደ እብድ ታየኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ባሕሩ እስከ ፊቴ ፈንጥቆ ገባ። ቤቱ ትንሽ ተወዛወዘና ቁጭ አለ። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ፍየሏን አቅፌ አሳለፍኩት። ከቦታው አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሏል፤ በሬ ቀድሞ ወደ ባሕር ነበር፣ አሁን ወደ ቄሱ ቤት ያያል። እማማ ኢስሜይ ከኮረብታው ወርዳ ወለሉን ስታይ "አንቺ ሴትዮ፣ ባሕሩን እራት ጠርተሽው ነው?" አለችኝ።

አሁን የምልህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ደብዳቤህን ለማንም አላሳየሁም። እማማ ኢስሜይን ግን አንዲት ጥያቄ ጠየቅኋት።

"የዜፍሪንን እናት ቤት ባሕሩ የወሰደው ጊዜ ያን ወለል የወተፈው ማን ነበር?"

"ኮንራድ ነዋ" አለች፣ ዓሣዋን እየፋቀች።

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? ልጁ ያን ወር ሙሉ እጁ በዝፍት ጠቁሮ ነው የከረመው። እናቱ በየቤቱ እየዞረች ልጄ እንዲህ ሠራልኝ ስትል አልነበር? ያልሰማ የለም።"

"ታዲያ ጋሼ ኡራያስ ለምን አመሰገነ? ማን እንደሠራው ሳያውቅ?"

ቢላዋን አስቀመጠች። "የገዛ ተማሪውን እጅ ሳያውቅ? ልጁ አለቱ ላይ ቆሞ እጁን ከኋላው ሲደብቅ አየዋ! አባቱ አንድ ቃል ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመው። ይህ የሠራተኛ እጅ ነው አለና ሁላችንንም በዓይኑ ቃኘን። ከእንግዲህ ስለዚህ ወለል የሚናገር ከኔ ጋር ነው ማለቱ ነበር። እኛም ገባንና ራሳችንን ነቀነቅን። ልጁ ብቻ ነው ያልገባው። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት መንደሩ አፉን ዘግቶ ይጠብቀዋል።"

ኮንራድ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። ከማን ነው የሸሸኸው?

ዜፍሪንም ያውቅ ነበር። በአንድ አልጋ ሃያ ስድስት ዓመት ተኝቶ ለእኔ አልነገረኝም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተቀየምኩት፤ ሙት መቀየም ትርፉ ድካም ስለሆነ ተውኩት። "ኋላ" ሲለኝ የኖረው አንተ መጥተህ በገዛ አፍህ እስክትናገር እንደነበር ገባኝ። ያንተን ነገር ካንተ በፊት መናገር አልፈለገም።

ጥፋት የለብህም አልልህም፤ አታምነኝም። እኔም በዚያው ጥጥ፣ በዚያው ዝፍት፣ በዚያው ኩራት ያንኑ ሠርቻለሁ፣ ያውም በሃምሳ ሁለት ዓመቴ። እናትህ መጥረቢያ አልነበራትም። እኔ ነበረኝ። አልጋሽ አጠገብ አኑሪ ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። በሕይወት ያለሁት በዚያ ነውና ይህንንም ከዚያኛው ጋር አብረህ ቁጠረው።

ትናንት ለእናትህ ሳህን አቀረብኩላት። ሙሉ ዓሣ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ያዲሱ ምድጃዬ የመጀመሪያ ዳቦ። "ከኮንራድ ነው" አልኳት። የሚቀጥለውን ራስህ ታቀርባለህ።

ለዚህም ምክንያት አለኝ። የዜፍሪንን ውታፍ ባሕሩ ወስዶታል። ከጁን በፊት አዲስ ውታፍ መቆረጥ አለበት። መንደሩ ውስጥ አሥራ ሁለት ጀልባ ሠሪ አለ፤ አንዳቸውንም አልጠይቅም። ልኩንም አልጽፍልህም፤ መጥተህ በገዛ እጅህ ለካው። እስከዚያ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ሸርጣኖቹ እንደ ልባቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንዱማ የዜፍሪን ጫማ ውስጥ ቤት ሠርቷል።

ስድስቱንም ሳሙና በልተው ጨርሰዋል። ቶሎ ና።

እኅትህ፣ ካሊስታ